ሌሊት ስንደውል ማን ይመጣል? ሆስፒስን ከመፈረም በፊትና በኋላ መመዘን

ሆስፒስ፣ ማለትም በሽታው ሊድን ላልቻለ ሰው ስቃዩን የሚያስታግስና ቤተሰቡን የሚያግዝ አገልግሎት፣ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሙ «በሽታውን ለማዳን ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም» ባለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ደንግጧል፤ እንቅልፍ አጥቷል፤ የሚሰጠውን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው አንዱን ድርጅት ከሌላው የሚለይበት ነገር በእጁ ስለሌለ ሆስፒታሉ የጠቆመውን ይይዛል፣ ወይም አቀባበሉ ያማረውን ይመርጣል። አቀባበል ግን ስለ ጥራት ብዙ አይናገርም። ጥራት የሚታወቀው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሕመምተኛው ማቃሰት ሲጀምር፣ አስታማሚው ስልክ ሲያነሳና ከዚያ በኋላ በሚያልፉት ደቂቃዎች ነው።

መለኪያው አንድ ብቻ ይሁን ቢባል የምንመርጠው ይህንን ነው፦ «አመመኝ» ከተባለበት ደቂቃ አንስቶ «ቀለል አለኝ» እስከሚባልበት ድረስ ምን ያህል ጊዜ ያልፋል? የነርሶች ቁጥር፣ መድኃኒቱ የተቀመጠበት ቦታ፣ ስልኩን የሚያነሳው ሰው ማንነት፣ የሐኪሙ ልምድ፣ ሁሉም ይህንን ጊዜ ወይ ያሳጥሩታል ወይ ያስረዝሙታል።

የዘመናዊው ሆስፒስ መነሻም ይኸው ነው። ሲሲሊ ሳውንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ በኋላም ሐኪም ሆና ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት ከያዘቻቸው መርሆች አንዱ፣ ማስታገሻ የሚሰጠው ሕመሙ ተመልሶ እስኪያስጮህ ተጠብቆ ሳይሆን በሰዓቱ፣ ሕመሙን ቀድሞ ነው የሚለው ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ስቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃቱም፣ የቤተሰቡ ጭንቀትም፣ የነፍስ ጥያቄውም አብሮ መታየት አለበት የሚለው ነው። በእነዚህ በሁለቱ ማንኛውንም ድርጅት መመዘን ይቻላል። የደም ግፊት ለክታ የምትሄድ ነርስ ብቻ የሚልክ ድርጅት ሆስፒስ ቢባልም የሆስፒስን ሥራ እየሠራ አይደለም።

ከመፈረም በፊት

ጥያቄዎን መልሱ ቁጥር እንዲሆን አድርገው ያዘጋጁ። «ጥሩ ክትትል ታደርጋላችሁ?» ተብሎ ተጠይቆ «አዎ» የማይል የለም። «አንዲት ነርስ ስንት ሕመምተኛ ትይዛለች?» ሲባል ግን ወይ ቁጥሩን ይነግሩዎታል ወይ ነገሩን ያዞሩታል፤ ሁለቱም የሚነግሩዎት ነገር አለ። በቤት ለቤት አገልግሎት አንዲት ነርስ ከ10 እስከ 15 ሕመምተኛ ብትይዝ ሁሉንም በስም፣ በመድኃኒት መጠንና በቤተሰብ ለይታ ማወቅ ትችላለች። ቁጥሩ 20 ሲያልፍ ጉብኝቱ ያጥራል፣ የስልክ መልሱ ይዘገያል፤ ነርሷ ሰንፋ ሳይሆን ቀኑ አልበቃ ብሏት ነው። ርቀቱንም ይጠይቁ። 12 ሕመምተኛ በአንድ ሰፈር መጎብኘትና ያንኑ 12 ሰው በሰፊ አገር ተበትኖ መጎብኘት አንድ አይደለም።

ቀጥሎ ስለ ሌሊት ይጠይቁ። ብዙ ድርጅት «የ24 ሰዓት አገልግሎት» ብሎ ይጽፋል። ይህ አባባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ሊሸፍን ይችላል፦ ነርስ ራሷ ስልክ ታነሳለች፤ መልእክት ተቀባይ አንስቶ ለነርስ ያስተላልፋል፤ ወይም ነርሷ በስልክ ትመክራለች እንጂ ከቤቷ አትወጣም። የትኛው እንደሆነ በግልጽ እንዲነግሩዎት ያድርጉ። ከዚያ ይቀጥሉ። ዛሬ ሌሊት ተረኛ የሆኑት ነርሶች ስንት ናቸው፣ ለስንት ሕመምተኛ? ባለፈው ወር ሌሊት ከተደወሉት ጥሪዎች ስንቱ ላይ ነርስ ቤት ድረስ ሄደች? ከተደወለ በኋላ ነርስ መልሳ እስክትደውል ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ በር ላይ እስክትደርስስ? በእኛ ምዘና መልሶ መደወሉ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ መድረሱ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ክፍተቱን የሚሸፍን መድኃኒት አስቀድሞ ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

የሰጡዎትን መልስ ራስዎ ይፈትኑት። ቅዳሜ ሌሊት በሌሊቱ ቁጥር ይደውሉና «ገና አልተመዘገብንም፤ ሌሊት ስንደውል ማን እንደሚያነሳ ለማወቅ ነው» ይበሉ። ስልኩ ስንት ጊዜ እንደጠራ፣ ያነሳው ሰው ነርስ መሆን አለመሆኑን፣ ካልሆነ ደግሞ ነርስ ለማግኘት ምን እንደሚያደርግ ይመዝግቡ። አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ ይበቃል፤ መስመሩን የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ለማድረግ ያፍራል። ከማንኛውም በራሪ ወረቀት የበለጠ የሚያሳውቅዎት ግን ይህ የ2 ደቂቃ ጥሪ ነው።

ስቃዩ ቤት ውስጥ ሊገታ ካልቻለ ወዴት እንደሚወሰድም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። «ሆስፒታል እንልካለን» ማለት ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ማደር ሊሆን ይችላል። ጥሩ ድርጅት የራሱ አልጋ አለው፣ ወይም ከአንድ ተቋም ጋር የተጻፈ ስምምነት አለው፤ አልጋ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግም ያውቃል። አስታማሚው ሲደክም ሕመምተኛውን ለጥቂት ቀን ተቀብሎ የሚያሳርፍ ቦታ መኖሩንም አብረው ይጠይቁ። ለወራት ያለ እረፍት ያስታመመ ሰው መድኃኒት መስጫ ሰዓት መርሳቱ አይቀርም።

ብዙ ቤተሰብ የማያነሳው፣ ግን የድርጅቱን የሕክምና ጥልቀት ወዲያው የሚያሳይ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሕመምተኛው ሆስፒስ ውስጥ እያለ የትኞቹን ሕክምናዎች ማግኘት ይችላል? ለምሳሌ ካንሰር አጥንት ውስጥ ገብቶ ሲያሳምም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ሕመሙን በደንብ ሊያቃልል ይችላል። ሆድ ውስጥ ወይም በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽን ማስወጣት ትንፋሽን ያቀላል። የሽንት መንገድ ኢንፌክሽንን በአንቲባዮቲክ ማከም ማቃጠሉንና መቃዠቱን ሊያቆም ይችላል። እነዚህ በሽታውን አያድኑም፤ ስቃይ ይቀንሳሉ። «ሆስፒስ ስለሆንን ምንም አናደርግም» የሚል ድርጅት ማስታመምን ከመተው ጋር አደባልቆታል። «እንደ ጥቅሙ እናያለን፤ ሐኪማችን ከእናንተ ጋር ይወስናል» የሚለው ትክክለኛውን መንገድ ይዟል።

የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ለሆስፒሶች ያወጣቸው ደንቦች የትም ቦታ ላለ ሰው እንደ መነሻ ይጠቅማሉ። በደንቡ መሠረት ሕመምተኛው ከገባ በኋላ ነርስ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ምርመራ ታደርጋለች፤ ሙሉ ምርመራው በ5 ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል፤ የእንክብካቤ ዕቅዱ ቢያንስ በየ15 ቀኑ በቡድን ይከለሳል፤ ገላ የምታጥበውን ረዳት ሥራ ነርስ ቢያንስ በየ14 ቀኑ ታያለች። እነዚህ ከዚህ በታች መውረድ የለበትም የሚሉ ወለሎች ናቸው። በኃይለኛ ሕመም ላይ ላለ ሰው 48 ሰዓት ራሱ ብዙ ነው፤ በዚያው ቀን መምጣት አለባቸው። ድርጅቱ የተለየ አሠራር ካለው የራሱን ቁጥሮች እንዲነግርዎት ይጠይቁ።

ቀድመው ያስታመሙ ቤተሰቦች የሚሰጡትን አስተያየት ሲሰሙ ምስጋናውንም ወቀሳውንም ትተው ዝርዝሩን ይፈልጉ። «በጣም ደግ ሰዎች ናቸው» ከሚለው ይልቅ «ሌሊት ደውለን በ50 ደቂቃ መጡ፣ የመርፌውን መጠን ቀየሩ፣ ጠዋት ደግሞ ደወሉ» የሚለው ይበልጣል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው በሽታውን ራሱን ድርጅቱ ላይ ሊያላክክ ይችላል፤ በሌላ በኩል በደግነት የተነካ ሰው ሊገታ ይችል የነበረን ስቃይ «የማይቀር ነበር» ብሎ ያልፋል። ፈቃድና የዕውቅና ወረቀት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በላይ ብዙ ክብደት አይስጡት። ያው ቀን እንዲፈርሙ የሚያጣድፍ፣ ወይም ወረቀቱን ቤት ወስደው እንዲያነቡ የማይፈቅድ ድርጅት ካጋጠመዎት ይቆዩ።

የመጀመሪያው ጉብኝት

ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጣ አብረው ይቀመጡና ይመልከቱ። በአግባቡ የተሠራ የመጀመሪያ ጉብኝት ከ1 ሰዓት በታች አይፈጅም፤ አንድ ሰዓት ተኩል የተለመደ ነው። መጀመሪያ የምታናግረው ሕመምተኛውን መሆን አለበት። «የት ያምሃል?» ብላ አታበቃም። ሕመሙ ያቃጥላል፣ ይወጋል ወይስ ይጫናል? ወደ ሌላ ቦታ ይዘልቃል? ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? ሌሊት ይቀሰቅሳል? ምን ሲያደርግ ይብሳል? እነዚህን የምትጠይቀው መድኃኒቱ እንደ ሕመሙ ዓይነት ስለሚለያይ ነው። የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ከነርቭ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ሞርፊን ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ከዚያ ትመረምራለች። ሕመምተኛውን ገልብጣ ወገቡን፣ ዳሌውንና ተረከዙን ታያለች፤ የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በዓይን ስለማይለይ በእጇ ሙቀቱንና መደደሩን ትዳስሳለች። አፉን በመብራት ታያለች፤ ነጭ ሽፋን ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ምግብ የሚያስጠላውም እሱ ሊሆን ይችላል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጸዳዳ ትጠይቃለች፣ ሆዱንም ትዳስሳለች። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስወጥታ ትቆጥርና ከእንግዲህ የማይጠቅሙትን፣ ለምሳሌ የኮሌስትሮል ክኒንና ቫይታሚን፣ እንዲቆሙ ከሐኪሙ ጋር ትነጋገራለች። የደም ግፊት ለክታ፣ አምስት ቦታ አስፈርማ የወጣች ነርስ ምርመራ አላደረገችም።

የሕመምተኛው ፈቃድም በዚሁ ጉብኝት መጠየቅ ይጀምራል፦ የት መሆን ይፈልጋል፣ ምን ያስፈራዋል፣ መናገር ቢያቅተው ማን ይወስንለት፣ ልቡ ቢቆም እንደገና እንዲነቃ ይፈልጋል ወይ። ቤተሰብ «እባካችሁ እንዳይነገረው» ብሎ ሊለምን ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ቤተሰቡን አይቆጣም፣ ለሕመምተኛውም አይዋሽም፤ «ስለ ሕመምህ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ ራሱን ይጠይቀዋል። ስለ እምነቱም እንዲሁ፤ ይጠየቃል እንጂ አይጫንበትም። ባለሙያውና ሕመምተኛው ቋንቋ ካልተግባቡ ደግሞ አስተርጓሚው ልጁ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ልጅ የአባቱን ሕመም አለዝቦ፣ የሐኪሙን ቃልም ቀንሶ ነው የሚያስተረጉመው።

ነርሷ ከመሄዷ በፊት አራት ነገሮች በእጅዎ መግባት አለባቸው፦ የመድኃኒት ሰንጠረዥ ከነሰዓቱ፣ የሌሊቱ ስልክ፣ ቀጣዩ ጉብኝት የሚሆንበት ቀን፣ «ይህን ካያችሁ ሳትጠብቁ ደውሉ» የሚል የምልክቶች ዝርዝር።

የመድኃኒቱ ነገር

ጥራት ከሁሉ ይልቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተትም የሚበዛው እዚሁ ነው።

በአፍ የሚወሰደው ፈጣን ሞርፊን ሥራውን የሚጀምረው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ሲሆን ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ስለዚህ የማያቋርጥ ሕመም ላለበት ሰው በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል። «ሲያመው ስጡት» ብቻ ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ሕመምተኛውን በቀን ስድስት ጊዜ ወደ ስቃይ እንዲመለስ ፈርዶበታል። በሰዓቱ ከሚሰጠው ሌላ፣ ሕመሙ በመሃል ጥሶ ሲወጣ የሚጨመር መጠንም መታዘዝ አለበት፤ የተለመደው ስሌት የቀኑ ጠቅላላ መጠን አንድ ስድስተኛ ነው። በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በቀን 60 ሚሊግራም ይወስዳል፤ ተጨማሪው መጠን 10 ሚሊግራም ይሆናል ማለት ነው። ተጨማሪው በቀን ከ3 ጊዜ በላይ ካስፈለገ ዋናው መጠን መከለስ ይኖርበታል። መጠኑን የሚያዝዘው ሐኪም ነው፤ እርስዎ ስሌቱን የሚያውቁት «ትናንት አራት ጊዜ ተጨማሪ ሰጥተናል» ብለው ሲደውሉ የሚያገኙት መልስ «እሺ፣ እናስተካክላለን» መሆኑን ለማየት ነው። መልሱ «እስከ ሰኞ ጠብቁ» ከሆነ ያንን ይመዝግቡ።

ሞርፊን ሲጀመር የሆድ ድርቀት መከላከያ በዚያው ቀን መጀመር አለበት። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ይቀንሳሉ፤ ድርቀቱ ግን ሞርፊኑ እስካለ አይለቅም። ሞርፊን አዝዞ እንደ ሴና ወይም ቢሳኮዲል ያለ መድኃኒት ያላዘዘ ድርጅት የማስታገሻ ሕክምናን መሠረት ዘንግቷል። ሦስት ቀን ያለመጸዳዳት የሚያስደውል ምክንያት ነው። በደረቀ ሆድ የተነሳ የሚመጣ ቁርጠትና መቃዠት የበሽታው መባባስ ተደርጎ ሲቆጠር፣ በዚያም ላይ ሞርፊን ሲጨመር፣ ድርቀቱ ይብስበታል።

በጣም አደገኛው ስህተት ሚሊግራምንና ሚሊሊትርን ማምታታት ነው። ፈሳሽ ሞርፊን በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል። በአንድ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ካለው ጠርሙስ 5 ሚሊግራም ማለት 0.25 ሚሊሊትር ነው፤ ጠብታ የሚያህል። በአንድ ሚሊሊትር 2 ሚሊግራም ካለው ጠርሙስ ግን ያው 5 ሚሊግራም 2.5 ሚሊሊትር ይሆናል። ከመጀመሪያው ጠርሙስ «5 ስጠው» ተብሎ 5 ሚሊሊትር የሰጠ ሰው 100 ሚሊግራም ሰጠ ማለት ነው። ጥንቁቅ ነርስ ትእዛዙን በሚሊግራምም በሚሊሊትርም ትጽፋለች፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ላይ የሚሞላበትን ቦታ በቀለም ታሰምራለች፤ አስታማሚው ራሱ በፊቷ ቀድቶ እንዲያሳያት ታደርጋለች። አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥርም ጥንካሬውን ደግማ ታያለች። ይህን ያደረገች ነርስ ካዩ እምነት ይጣሉባት።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፌንታኒል የተባለ ማስታገሻ ምቹ ነው፤ ግን ከተለጠፈ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመሥራት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል፣ የሚቀየረውም በየ72 ሰዓቱ ነው። ዛሬ ሌሊት ለሚያስጮህ ሕመም ይህንን ብቻ ለጥፎ የሚሄድ ሰው ስለ መድኃኒቱ በቂ አያውቅም። ሙቀት ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚጨምር፣ በላዩ ላይ የሙቅ ውሃ ከረጢት እንዳይቀመጥ መነገር አለበት። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ላይ ሞርፊን ይጠራቀማል፤ ምልክቱ ከመጠን ያለፈ ድንዛዜ፣ መቃዠት፣ እጅ ወይም እግር ሳይታዘዝ በድንገት መፈናጠር ነው። ይህን ነግረዋቸው ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ለመቀየር ወዲያው ካልመከረ ያሳስባል።

ስለ ሞርፊን የሚፈራው ነገር ብዙ ነው፦ ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽ ያቆማል፣ ሞትን ያፋጥናል። በልኩ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ በቀስ ከተጨመረ ትንፋሽ ማቆሙ የተለመደ አይደለም። ጥሩ ድርጅት ይህን ፍርሃት ሳያናንቅ ቁጭ ብሎ ያስረዳል፤ ምክንያቱም የሚፈራ አስታማሚ መድኃኒቱን በድብቅ ይቀንሳል፣ ነርሷም «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላ በተሳሳተ መረጃ ላይ ትወስናለች።

አስቀድሞ ቤት መቀመጥ ያለበት የድንገተኛ ጊዜ ሳጥንም አለ። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ለሕመምና ለትንፋሽ ማጠር ሞርፊን፣ ለማቅለሽለሽና ለመቃዠት ሃሎፔሪዶል፣ ለመረበሽ ሎራዜፓም ወይም ሚዳዞላም፣ በጉሮሮ ለሚጠራቀም ፈሳሽ እንደ ሃዮሲን ያለ መድኃኒት፣ ለትኩሳት በፊንጢጣ የሚገባ ፓራሲታሞል ነው። ሳጥኑ የሚመጣው መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ለምን እንደሆነ በሚገባዎት ቋንቋ ተጽፎበት እንደሆነ ይጠይቁ። መድኃኒት ቤቶች ሁሉ በተዘጉበት ሰዓት ትእዛዝ መጻፍ ምንም አያደርግም።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ይህ ነው፦ መጠን ከተቀየረ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደውለው «ሠራ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ? ያልጠየቁትን ሰው ሕመሙ የተሻለው ይመስላቸዋል። «ተኝቷል» ማለትም ተሻለው ማለት አይደለም። መናገር የማይችል ሰው ሕመም በትንፋሹ፣ በድምፁ፣ በፊቱ መኮማተር፣ በሰውነቱ መወጠርና ሲያባብሉት በመረጋጋቱ ወይም ባለመረጋጋቱ ይነበባል፤ ነርሷ እነዚህን አምስቱን አይታ ነጥብ መስጠት መቻል አለባት።

ሲበላሽ

ትንሽ ደብተር ይያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ለማን ተደወለ፣ መቼ መለሱ፣ ምን አደረጉ። ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል፤ አንድ መጥፎ ሌሊት ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፣ የሚደጋገም ነገር ግን አሠራር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደጋገመው ይህ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ነርስ ትመጣለች፤ ታሪኩ ከመጀመሪያው ይነገራል፤ የትናንትናዋ የወሰነችውን የዛሬዋ አታውቅም። ዓርብ ከሰዓት መድኃኒት ያልቃል፤ የቀረውን የሚቆጥር ሰው ስላልተመደበ ነው። ገላ የምታጥበው ረዳት ወገብ ላይ ቁስል ታያለች፤ ለነርሷ የምትነግርበት መንገድ ስለሌላት ነርሷ ከሳምንት በኋላ ታገኘዋለች። ሐኪሙን ማንም አይቶት አያውቅም፤ ትእዛዙ ሁሉ በስልክ ነው። እነዚህ የደግነት ጉድለቶች አይደሉም፤ የቅንጅት ናቸው። ለዚህም ነው በደግ ሠራተኞች የተሞላ ድርጅት ሕመምተኛን ሊያሰቃይ የሚችለው።

ቅሬታዎን መጀመሪያ ለነርሷ፣ ካልተስተካከለ ለነርሶቹ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ያቅርቡ። በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከደብተሩ ሁለት ሦስት ምሳሌ ጠቅሰው። ሕመም ያልተገታ ከሆነ ግን ደረጃ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪሙን ያስጠሩ። ድርጅት ለመቀየር ከወሰኑ የሚሠራው ስህተት የድሮውን አሰናብቶ አዲሱን መፈለግ ነው። አዲሱ መቀበሉን፣ የመጀመሪያ ጉብኝቱን ቀን፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያዝዝ በጽሑፍ ሳይዙ አይልቀቁ፤ ቢያንስ የ3 ቀን መድኃኒት ቤት ይኑር። አልጋውና የኦክስጅን መሣሪያው የድሮው ድርጅት ከሆኑ መቼ እንደሚወሰዱም ይነጋገሩ፤ አዲሱ አልጋ ሳይመጣ አሮጌው እንዳይነሳ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ሕመምተኛው መብላት ሲያቆም፣ አብዛኛውን ቀን ሲተኛ፣ ሽንቱ ሲቀንስ የጉብኝቱ ብዛት መጨመር አለበት። በአሜሪካ ከሚለኩት የሆስፒስ ጥራት መለኪያዎች አንዱ፣ ሕመምተኛው በኖረባቸው የመጨረሻ 3 ቀናት ውስጥ ቢያንስ በ2ቱ ነርስ ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ በአካል ጎብኝታዋለች ወይ የሚል ነው። ይህንን ገና ሲገቡ ይጠይቁ፦ «ጣር ላይ ያለ ሰው ቤት በቀን ስንት ጊዜ ትመጣላችሁ?»

ቤተሰቡ የሚያየውን ነገር ከማየቱ በፊት መስማት አለበት። እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ፣ ጉልበት አካባቢ ቆዳው ይዥጎረጎራል፣ ትንፋሹ እየቆመ ይቀጥላል። በጉሮሮ የተጠራቀመው ፈሳሽ የሚያሰማው ድምፅ ቤተሰብን ያስጨንቃል እንጂ ሕመምተኛውን ብዙ ጊዜ አያሰቃየውም። በጎን ማስተኛት ይረዳል፤ መድኃኒቱ አዲስ ፈሳሽ እንዳይጨመር ያደርጋል እንጂ የተጠራቀመውን አያደርቅም፣ ስለዚህ ድምፁ እንደተጀመረ መሰጠት አለበት። ትንፋሽ ሲያጥር ሁሉም ሰው ኦክስጅን ይጠይቃል፤ የደሙ ኦክስጅን ያልቀነሰ ሰው ግን ፊቱ ላይ ከሚነፍስ ማራገቢያና ከትንሽ ሞርፊን የበለጠ ጥቅም ላያገኝ ይችላል። ምግብ በግድ አይሰጥም፤ አፍ ግን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ እየተደጋገመ መርጠብ አለበት። ድንገት መገላበጥና ልብስ መጎተት ከጀመረ ጥሩ ነርስ ማረጋጊያ ከመስጠቷ በፊት ሽንት ቋጥሮ እንደሆነ ሆዱን ትዳስሳለች፤ አንድ ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቱቦ) ከብዙ መርፌ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

መዋጥ ሲያቅተው መድኃኒቱ በምን መንገድ እንደሚቀጥል አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል፦ ከምላስ ሥር፣ ወይም ከቆዳ ሥር በገባች ቀጭን መርፌ መድኃኒቱን በ24 ሰዓት ቀስ አድርጎ በሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ። መሣሪያው ከተተከለ ባትሪውን፣ ፍጥነቱንና መርፌው የገባበትን ቦታ ማን እንደሚያይ ይጠይቁ። ማንም ሳያየው ሌሊት የቆመ መሣሪያ ጠዋት በስቃይ ነው የሚታወቀው።

ሲያርፍ የሚደወለው ለሆስፒሱ ነው። ነርስ መጥታ ሞቱን ታረጋግጣለች፣ ገላውን ለማስተካከል ታግዛለች፣ የተረፈውን ሞርፊን በደንቡ መሠረት በምስክር ፊት ታስወግዳለች ወይም ተቆጥሮ እንዲመለስ ታደርጋለች። ቤት ውስጥ መቅረት የለበትም፤ በተለይ ልጆች ካሉ። ከዚያ በኋላ ያለውም የአገልግሎቱ አካል ነው፤ ሜዲኬር የቤተሰቡ የሐዘን ክትትል ከሞቱ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እንዲሰጥ ያዝዛል። ገና ሲፈርሙ ይጠይቁ፦ ከዚያ በኋላ የሚደውለው ማን ነው፣ በስንተኛው ሳምንት፣ ስንት ጊዜ? በደብዳቤ ብቻ ነው ወይስ ሰው ይመጣል? ለወራት ሌሊት ሲነሳ የከረመው አስታማሚ ሰው ሁሉ ከተመለሰ በኋላም ያንኑ ሰዓት እየነቃ ይቆያልና፣ የሚደውልለት ሰው ስም ደብተሩ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ይኑር።